ዶክተር አክሊሉ ለማ፦ በሽታን በቦታው የፈለጉ ሰው

ለዚህ እትም ስለ አንድ የሳይንስ ሰው ሕይወት እንድጽፍ ስጠየቅ የመረጥኩት ዶክተር አክሊሉ ለማን ነው። ስማቸውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሁለተኛ ደረጃ ሳለን አክሊሉ ለማ ምን አገኙ ሲባል እንዶድ ብለን እንመልስና ወደሚቀጥለው ጥያቄ እናልፍ ነበር። ለነገሩ እንዶድን እናቶቻችን ከሳቸው በፊት በደንብ ያውቁት ነበር። ነጠላና ጋቢ ሲታጠብበት የኖረ ተክል ነው። ታዲያ እሳቸው ያገኙት ምኑን ነው? እኔ የስታቲስቲክስ ተማሪ ነኝና መልሱን ከራሴ ትምህርት አንጻር ለማሳየት እሞክራለሁ። አክሊሉ በሽታው ምንድን ነው ከሚለው ጥያቄ እኩል፣ በሽታው የት ነው፣ ለምንስ እዚህ ሆኖ እዚያ አልሆነም የሚለውን ይጠይቁ የነበሩ ሰው ናቸው። ዛሬ ስፓሻል ስታቲስቲክስ የምንለው የትምህርት ዘርፍ የሚነሣውም ከዚሁ ጥያቄ ነው። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አክሊሉ የተወለዱት በ1935 በምሥራቅ ኢትዮጵያ ነው። ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አሜሪካ ሄደው በ1964 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። እዚያ ሳሉ ካጠኗቸው ተሕዋስያን አንዱ ሌይሽማንያ ነው። ይህን ጥገኛ ተሕዋስ በቤተ ሙከራ ስለ ማሳደግ የጻፉት በዚያው ዓመት ታትሟል። አንዳንድ ሰው ይህን የሕይወታቸውን ክፍል ይዘለዋል፤ እኔ ግን ልዘለው አልፈልግም። ምክንያቱም ሌይሽማንያ የደጋ ሰው በሽታም ነው። በፊት ላይ ጠባሳ ጥሎ የሚያልፈው፣ በብዙ አካባቢ ቁንጭር የሚባለው የቆዳ በሽታ የሚመጣው ከዚሁ ተሕዋስ ነው። ተሕዋሱ በገደል አፋፍ በሚኖሩ ሽኮኮዎች ሰውነት ውስጥ ይቆያል፣ በአሸዋ ዝንብ አማካይነትም ወደ ሰው ይሻገራል። አክሊሉና ባልደረቦቻቸው በ1969 ስለዚህ በሽታ በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ያደረጉትን የመጀመሪያ ደረጃ ጥናት አሳትመዋል። ገደል፣ ሽኮኮ፣ ዝንብ፣ ሰው። አራቱ ባንድ ቦታ ካልተገናኙ በሽታው የለም። የመንዝ ልጅ የሆነ ሰው ገደልና ሽኮኮ ምን ያህል እንደሚጎራበቱ አይነገረውም።

አገራቸው ተመልሰው በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ሲጀምሩ የያዙት ጉዳይ ብልሃርዝያ ነበር። የበሽታውን አካሄድ ባጭሩ ላስታውስ። በበሽታው የተያዘ ሰው ወንዝ ዳር ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ውኃ ውስጥ ይገባል። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ ቶሎ ቀንድ አውጣ ካላገኘ ይሞታል። ካገኘ ግን በቀንድ አውጣው ሰውነት ውስጥ ለሳምንታት እየተራባ ይቆይና በብዛት ወደ ውኃው ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ልብስ የምታጥብ እናት፣ ከብት የሚያጠጣ እረኛ፣ የሚዋኝ ልጅ እግሩን ውኃ ውስጥ ሲነክር እጩ ቆዳ በስቶ ይገባል። እንግዲህ ሰንሰለቱ ቀንድ አውጣው ላይ ከተበጠሰ ቆመ ማለት ነው። ቀንድ አውጣው ደግሞ የትም አይኖርም፤ ውኃው ዝግ ያለ፣ ሣር ያለበት፣ ሙቀቱም የሚስማማው መሆን አለበት።

በ1964 አክሊሉ አድዋ ከተማ ሄዱ። ሥራቸው በከተማዋ ወንዞች ዳር ቀንድ አውጣ መፈለግና መቁጠር ነበር። እዚያ ያዩት ነገር በመላው ዓለም ተነግሯል፤ እኔ የምደግመው ለኛ ትምህርት የሚጠቅመው ነጥብ ተሸፍኖ ስለሚቀር ነው። ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ትንሽ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው ተገኙ። ከማጠቢያው በላይ ግን እንዲያ አልነበረም፤ ከማጠቢያው ብዙ ርቆም እንዲሁ። አክሊሉ ይህን ካዩ በኋላ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን በዕቃ ሰበሰቡና ከምታጥብ አንዲት ሴት ጥቂት የእንዶድ አረፋ ጨመሩበት። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

ይህን ታሪክ እንደ ዕድል የሚቆጥሩት አሉ። እኔ አይመስለኝም። በወንዙ ዳር የሞተ ቀንድ አውጣ ብዙ ሰው ሳያይ አልቀረም። አክሊሉ ያደረጉት ወንዙን በክፍል በክፍል ለይቶ ማነጻጸር ነው። ውኃው አንድ፣ ወቅቱ አንድ፣ የቀንድ አውጣው ዓይነት አንድ፤ የሚለየው ቦታው ብቻ ነው። ከማጠቢያው በላይ ያለው ክፍል እንደ ማነጻጸሪያ ቡድን ሆነላቸው። በክፍል ውስጥ ኤክስፐሪመንታል ዲዛይን ስንማር ለስንት ሳምንት የምንለፋበትን ነገር ወንዙ አዘጋጅቶ ጠብቋቸዋል ቢባል ይቻላል። ግን ለማየት ቆጥሮ መመዝገብ ያስፈልግ ነበር።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። የእንዶዱ ውጤት በሁሉም አቅጣጫ እኩል አልሄደም፤ ወደ ታች ብቻ ነው የሄደው። በስፓሻል ስታቲስቲክስ መጀመሪያ የምንማረው ሐሳብ የተቀራረቡ ቦታዎች ይመሳሰላሉ የሚለው ነው። ይህ እውነት የሚሆነው ግን መቀራረብን በትክክል ከለካን ነው። ከማጠቢያው ሃምሳ ሜትር በላይ ያለ ነጥብና ሃምሳ ሜትር በታች ያለ ነጥብ በካርታ ላይ እኩል ይርቃሉ፤ በወንዙ ሕግ ግን አንዱ ጎረቤት ሲሆን ሌላው ባዕድ ነው። ርቀትን በቀጥታ መስመር ብቻ የሚለካ ሞዴል አድዋ ላይ ቢሠራ ኖሮ የላዩንና የታቹን አደባልቆ ውጤቱን ያደበዝዘው ነበር። ይህን ነጥብ ወደ ኋላ ወደ ሰሜን ሸዋ ስመጣ እመለስበታለሁ።

የእንዶድ የመጀመሪያ ሪፖርት በ1965 በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ወጣ። በ1966 አክሊሉ በዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ተቋምን አቋቋሙና መሩ። በእነዚያ ዓመታት የሠሩት ሥራ ሁሉ እንዶድ አልነበረም። በ1969 በአዋሽ ሸለቆ ስላለው ብልሃርዝያ ጻፉ። ጊዜው በሸለቆው የመስኖ እርሻ የሚስፋፋበት ነበርና በሽታው ወደፊት በኢኮኖሚውና በጤናው ላይ ምን ሊያመጣ እንደሚችል የጥናቱ ዋና ትኩረት አደረጉት። የመስኖ ቦይ ማለት ለቀንድ አውጣ አዲስ ቤት ማለት ነው። የእርሻ ሠራተኛው ደግሞ ከተለያየ አገር የሚመጣ ነው፤ ትሉን በሆዱ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ቀጥሎም ሄልሙት ክሎስ ከተባሉ የሕክምና ጂኦግራፊ ባለሙያ ጋር በአዋሽ እርሻዎች ያሉትን ቀንድ አውጣዎች አጠኑ። በ1978 ደግሞ ሁለቱ ከሌላ ባልደረባ ጋር ሆነው ሺስቶሶማ ማንሶኒ የሚባለው የብልሃርዝያ ዓይነት በኢትዮጵያ እንዴት እንደተሰራጨ የሚያሳይ ጥናት አወጡ። ጥናቱ ራሱን የሕክምና ጂኦግራፊ ጥናት ብሎ ነው የሰየመው። አክሊሉን የዕፅዋት ሰው ብቻ አድርገን ማስታወሳችን ስሕተት ነው የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ጂፒኤስ የለም፣ የሳተላይት ምስል የለም፣ ኮምፒውተር በየቢሮው የለም። ነገር ግን ከዚያ ዘመን ጥናቶች የወረስነው ዋናው እውቀት ዛሬም በሞዴሎቻችን ውስጥ አለ፤ ይኸውም ከፍታ ነው። ይህ የብልሃርዝያ ዓይነት በኢትዮጵያ የሚተላለፈው በአብዛኛው በመካከለኛ ከፍታ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,200 ሜትር ሲጠጋ ብርዱ ቀንድ አውጣውንም እጩንም ያዳክማቸዋል። ሌላው ዓይነት፣ ሺስቶሶማ ሄማቶቢየም፣ እንደ መካከለኛው አዋሽ ባሉ ሞቃት ቆላዎች ይወሰናል።

እስቲ ይህን ይዘን ወደ መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ እንምጣ። የጓሳ ሜዳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ብልሃርዝያ ይተላለፋል ብሎ የሚፈራ የለም። መሐል ሜዳም ሞላሌም ብርድ ናቸው። መርሐቤቴ ግን ሌላ ዓይነት አገር ነው። በጀማና በወንጭት ሸለቆዎች ተከቦ እንደ ማዕድ የተቀመጠ ነው፤ ዓለም ከተማ ከላይ፣ ወንዞቹ ከታች። ጀማ በታችኛው ክፍሉ ከ1,500 ሜትር በታች ይወርዳል። ስለዚህ አንድ ገበሬ ባንድ ቀን ውስጥ በሽታው ሊተላለፍበት ከማይችል ከፍታ ተነሥቶ፣ ሊተላለፍበት ወደሚችል ሙቀት ወርዶ፣ እግሩን ታጥቦ ይመለሳል። ሲታመም የሚመዘገበው ግን በሚኖርበት ቀበሌ ነው። ካርታው ላይ ነጥቡ የሚቀመጠው ደጋ ነው ማለት ነው፤ ውኃው ግን ቆላ ነው።

ሁለተኛው ጣጣ አማካይ ነው። ኢትዮጵያ ትኩረት የሚሹ የሐሩር ክልል በሽታዎችን ለመቆጣጠር የመጀመሪያውን ብሔራዊ ዕቅድ በ2013 ይፋ አድርጋለች። በተከታዮቹ ዓመታትም የብልሃርዝያና የሆድ ትላትል አገር አቀፍ ካርታ ሥራ ተካሂዷል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ሲሆን፣ ለማን በስንት ጊዜ ይሰጥ የሚለው የሚወሰነው በወረዳ ደረጃ በተማሪዎች ላይ በሚገኘው የበሽታ መቶኛ ነበር። በቀድሞው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ በየዓመቱ፣ ከ10 እስከ 50 በመቶ ከሆነ በየሁለት ዓመቱ፣ ከዚያ በታች ከሆነ ልጁ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሚቆይበት ጊዜ ሁለት ጊዜ ይሰጥ ነበር።

አሁን ለምሳሌ ያህል አንድ ወረዳ እንፍጠር። አምስት ትምህርት ቤቶች ተመርጠው ከየትምህርት ቤቱ እኩል ልጆች ተመረመሩ እንበል። አራቱ አምባ ላይ ናቸው፤ ምንም አልተገኘም። አምስተኛው ሸለቆ ውስጥ ነው፤ 60 በመቶ ተገኘ። የወረዳው አማካይ 12 በመቶ ይሆናል። በዚህ ስሌት መሠረት በሽታ የሌለባቸው የአምባ ልጆች በየሁለት ዓመቱ መድኃኒት ይወስዳሉ፤ በየዓመቱ ሊያገኙ የሚገባቸው የሸለቆ ልጆችም እንደነሱ በየሁለት ዓመቱ። 12 በመቶ የሚባል ትምህርት ቤት በወረዳው ውስጥ የለም። ቁጥሩ ግን ሪፖርት ላይ ይጻፋል፣ መድኃኒቱም በሱ ይከፋፈላል። አምስቱም ትምህርት ቤቶች አምባ ላይ ከወደቁ ደግሞ (ሸለቆ መውረድ አድካሚ ስለሆነ ይህ የማይሆን ነገር አይደለም) ወረዳው ንጹሕ ተብሎ ያልፋል። በ2022 የወጣው አዲሱ መመሪያ 10 በመቶና ከዚያ በላይ በተገኘበት ሁሉ በየዓመቱ እንዲሰጥ፣ ውሳኔውም ከወረዳ ወርዶ ወደ ማኅበረሰቡ እንዲጠጋ ማለቱ የዚህን ችግር ከፊሉን ያቃልለዋል።

ጂኦስታቲስቲክስ የሚረዳን እዚህ ላይ ነው። ትምህርት ቤቶቹን በጂፒኤስ ነጥብ እናስቀምጣለን፤ ከፍታን፣ የመሬት ሙቀትን፣ ዝናብን፣ ከውኃ ያለውን ርቀት እንደ ተጓዳኝ ተለዋዋጭ እናስገባለን፤ ያልተመረመረውን ቀበሌ ካጠገቡ ካሉት እንገምታለን፤ ግምቱ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነም አብረን እንጽፋለን። ይሁን እንጂ በኛ አገር መልክዓ ምድር ቀጥታ መስመር ያታልላል። ከገደል ወዲህና ወዲያ ያሉ ሁለት አምባዎች በአይን ይተያያሉ፣ ሰው ተጣርቶ ይሰማማል፤ ለመገናኘት ግን ሸለቆ ወርዶ መውጣት ነው። በካርታው ላይ አሥር ኪሎ ሜትር የማይሞላው የአንድ ቀን መንገድ ይሆናል። በአንጻሩ ባንድ ወንዝ ላይ የሚቀዱ ሁለት መንደሮች ቢራራቁም የላይኛው እጣቢ ለታችኛው ይደርሳል። ቅድም ያነሣሁት የአድዋ ማጠቢያ ጉዳይ ይኸው ነው። ለጀማና ለወንጭት የሚሠራ ሞዴል ርቀትን በወንዙ መስመርና በአቅጣጫው፣ ከዚያም በሰው መንገድ ካልለካ በስተቀር ውብ ቀለም ያለው የተሳሳተ ካርታ ነው የሚወጣው።

ወደ አክሊሉ ሕይወት ልመለስ። የእንዶድ ትልቁ የመስክ ሙከራ የተካሄደው እዚያው አድዋ ነው፣ ከ1969 እስከ 1974። የተፈጨ የእንዶድ ፍሬ በከተማዋ ወንዞች ላይ በየጊዜው ይጨመር ነበር። ሲጀመር ከተመረመረው ሕዝብ 63 በመቶው በሽታው ነበረበት፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ወደ 34 በመቶ ወረደ። ብዙ ጽሑፎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። ለኛ ግን የሚበልጠው ቁጥር ቀጥሎ ያለው ነው፦ ከ1 እስከ 5 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወርዷል። ትሉ በሰው አካል ውስጥ ለዓመታት ስለሚኖር፣ አዲስ መተላለፍ ጨርሶ ቢቆም እንኳ ትልልቁ ሰው ለጊዜው እንደታመመ ይቆጠራል። ሙከራው ከተጀመረ ወዲህ የተወለደ ልጅ ግን የድሮ ዕዳ የለበትም። እሱ ላይ የሚገኘው ሁሉ አዲስ ነው። አክሊሉና ባልደረቦቻቸው ውጤቱን በዕድሜ ከፍለው ማሳየታቸው ሥራው በእርግጥ መተላለፍን መቀነሱን እንድናይ አስችሎናል። ጠቅላላው ቁጥር ብቻ ቢቀርብ በግማሽ መቀነሱን አይተን እንጠራጠር ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ረጅምና አታካች ነው፤ ባጭሩ አልፈዋለሁ። በእንዶድ ውስጥ ያለው ገዳይ ንጥረ ነገር በአሜሪካ ተለይቶ በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ። የዓለም ጤና ድርጅት ግን በዓለም አቀፍ ደንብ የተደረገ የመርዛማነት ምርመራ ይቅረብ አለ። ያ ምርመራ በካናዳ ድጋፍ እስኪደረግ ድረስ 1980ዎቹ መጡ። በመካከሉ ፕራዚኳንቴል ተገኘ፤ የዓለም ትኩረትም ከቀንድ አውጣው ወደ ክኒኑ ዞረ። አክሊሉ ድሃ አገሮች በደጃቸው የሚበቅለውን ትተው ውድ ኬሚካል እንዲገዙ መደረጉን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። እኔ ሁለቱም ወገን ከፊል እውነት ነበረው ባይ ነኝ። እንዶድ ዓሣንም ይገድላል፣ ሰውም ሲጠጣው የሚጎዳ ተክል ነው፤ መመርመሩ ተገቢ ነበር። ግን ከመጀመሪያው ሪፖርት እስከ ምርመራው መጠናቀቅ ሃያ ዓመት ማለፉን ተገቢ ነው ለማለት ይከብዳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ አድዋ ላይ ሲጀመር የአምስት ዓመት ልጅ የነበረ ሰው የልጅ አባት ሆኗል።

አክሊሉ ከተቋሙ ከወጡ በኋላ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በሳይንስና ቴክኖሎጂ ጉዳዮች፣ በኋላም በጣሊያን ፍሎረንስ ከተማ በሚገኘው የዩኒሴፍ የምርምር ማዕከል ሠሩ። በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ተካፈሉ። ዶክተር ለገሠ የእንዶድን አዝመራ ያጠኑ ባልደረባቸው ናቸው፤ ስማቸው ሁልጊዜ ሁለተኛ ሆኖ መቅረቱ ደስ አይለኝም። እንዶድ እንዶድን አይመስልም፤ በየቦታው የሚበቅለው ዝርያ በኃይሉም፣ በፍሬ አያያዙም ይለያያል። ኢ-44 የተባለው የተሻለ ዝርያ ተመርጦ የወጣው በዚህ ዓይነት ንጽጽር ነው። ይህም በራሱ የቦታ ጥያቄ ነበር።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ እንዶድ ባልታሰበ በኩል እንደገና ተነሣ። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ዜብራ መስል የሚባል ባለ ዛጎል እንስሳ የውኃ ቧንቧ እየደፈነ አስቸግሮ ነበር። በኦሃዮ የሚገኘው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ ለዚያ እንደሚሠራ አረጋግጦ የፈጠራ መብት አወጣበት። የኢትዮጵያ ሴቶች ለዘመናት የተጠቀሙበት ተክል ጥቅሙ ለማን ይሁን የሚለው ክርክር ከዚያ ወዲህ በየትምህርት ቤቱ እንደ ምሳሌ ይጠቀሳል።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በሚያዝያ 1997 በአሜሪካ አረፉ። ያቋቋሙት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተቋም በአክሊሉ ለማ ስም ተሰይሟል። ከሞቱ ሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2017፣ የዓለም ጤና ድርጅት ቀንድ አውጣን በኬሚካል ስለ መቆጣጠር አዲስ የመስክ መመሪያ አወጣ። የ2022ቱ መመሪያም ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን ቀንድ አውጣን መቆጣጠር እንዲደረግ ይመክራል። የሚመከረው ኬሚካል ኒክሎሳማይድ ነው፤ እንዶድ በዝርዝሩ የለበትም። ኬሚካሉን ወንዙን ሙሉ መርጨት ስለማይቻል፣ ሰው ውኃ የሚነካባቸውን ቦታዎች ለይቶ እዚያ ላይ ማተኮር ያስፈልጋል። ለዚህ ደግሞ የማጠቢያ፣ የመሻገሪያና የከብት ማጠጫ ቦታዎች ዝርዝር ይፈለጋል። የጀማንና የወንጭትን ሸለቆ ከፍታ ከሳተላይት መረጃ በነጻ ማውረድ ይቻላል፤ እኔም ለመመረቂያ ጽሑፌ አውርጄዋለሁ። የማጠቢያዎቹን ዝርዝር ለማግኘት ግን ከክረምት በኋላ ውኃው ሲጎድል ሸለቆውን በእግር መውረድ ይኖርብኛል።